ከሞቱ በኋላ መስመር የቆረጡት ኦቦ ቱሉ

ሰበታ ሥራ የገባሁ ቀን አለቃዬ ወይዘሮ ሰናይት ላፕቶፕ አስረክበውኝ፣ "ሰበታ ፋብሪካው፣ ቡራዩ መጋዘኑ፣ ሱሉልታ ውኃ ማሸጊያው፤ ሦስቱም የሚገናኙት ክላውድ ላይ ባለው ኔትወርክ ነው። ያንተ ሥራ ማን ምን መንካት እንደሚችል መወሰን ነው" አሉኝ።

ዝርዝሩን ስከፍተው ሠራተኛው ሁሉ አድሚን ነው፤ ያሻውን መቀየርም መሰረዝም ይችላል። ገንዘብ ያዧም፣ ሾፌሩም። ፈቃድ ያልነበረው ዘበኛው ብቻ ነው፤ እሱም ስላልጠየቀ።

"ማነው እንዲህ ያደለው?" ብል፣ ከእኔ በፊት ሥራውን የያዙት ኦቦ ቱሉ፣ "እኔ ነኛ ልጄ! ሰው ለምኖኝ እምቢ ማለት አይሆንልኝም" አሉ።

ዓመት ሙሉ ፈቃድ ስነጥቅ ከረምኩ። ግማሹ ሠራተኛ ሰላምታ ነሳኝ፤ የቀረው ግማሽ ረገመኝ። በመጨረሻ አድሚን ሆነን የቀረነው እኔና ኦቦ ቱሉ ብቻ ነን።

ከዚያ ኦቦ ቱሉ አረፉ። ደንቡ በዚያው ዕለት ስማቸውን ሰርዝ ይላል። ጣቴን "ሰርዝ" የሚለው ላይ ካሳረፍኩ በኋላ፣ አርባቸው ሳይወጣማ ነውር ነው ብዬ ተውኩት።

በሦስተኛው ሳምንት የሱሉልታ መስመር ድርግም አለ። ትእዛዝ አይደርስ፣ መኪና አይጫን። ማን ምን እንደነካ የሚመዘግበውን ዝርዝር ስከፍት፦ መስመሩን የሰረዘ፣ ቱሉ፣ ዛሬ ጠዋት። የቀሩኝ አሥራ ሁለት ፀጉሮች ቀጥ ብለው ቆሙ።

"ቀብረናቸዋል አይደል?" አሉ ወይዘሮ ሰናይት።

"በገዛ እጄ አፈር አልብሻቸዋለሁ።"

"እንግዲያው በስማቸው የገባኸው አንተ ነህ። ሌላ አድሚን የለም። እስከ ምሳ ሰዓት ሌላ ሰው ካላሳየኸኝ ዕቃህን ሰብስብ።"

መስመሩን መልሼ ዘረጋሁና ዝርዝሩን እንደገና አየሁት። የተገባው ከሱሉልታው ኃላፊ፣ ከአቶ ደምሰው ኮምፒውተር ነው። ወይዘሮ ሰናይት እንዲሰሙ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጌ ደወልኩ።

"አቶ ደምሰው፣ ከሰማይ ቤት ነው የምደውለው። ኦቦ ቱሉ፣ በይለፍ ቃሌ ማነው የሚገባው እያሉ ነው።"

አቶ ደምሰው፣ "ኧረ በሕይወት እያሉ ራሳቸው ናቸው የሰጡኝ! ኔቱ ሲንቀራፈፍብኝ፣ የማያስፈልግ የመሰለኝን ባጠፋ ይፈጥናል ብዬ ነው።"

ወይዘሮ ሰናይት ሳቃቸውን በነጠላቸው አፈኑት። አላባረሩኝም። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ግን ሰጡኝ፤ ልክ ነበሩ። የኦቦ ቱሉን ስም እዚያው ፊታቸው ሰረዝኩ።

ይህን ሥራ ለምትረከቡ፦ ሰው የተለየ ዕለት መጀመሪያ ፈቃዱን አንሱ፤ ከዚያ ለቅሶ ድረሱ።