ጣናን በጥፊ የመታሁ ዕለት

ከዓባይ መውጫ እስከ ጎርጎራ ባለው ዳርቻ ሁሉ ጣናን በጥፊ የመታ ሰው እኔ ብቻ ነኝ። በግልምጫ አይደለም፣ በእርግማንም አይደለም፤ በዚህ በቀኝ እጄ፣ ጆሮ ግንዱን ብዬ። እሱ ምን ያህል እንደተሰማው አላውቅም። መልሶ ሲመታኝ እኔ ምን ያህል እንደተሰማኝ ግን ልነግርህ እችላለሁ፤ ሳምንቱን ሙሉ በአፍንጫዬ ዓሣ ዓሣ ይሸተኝ ነበር።

ይህን ያስታወሰኝ ዛሬ ጠዋት በመስኮት የገባ ሽታ ነው። ግንቦት አልቆ ሰኔ ሊገባ ሲል፣ ዝናቡ ገና ሳይጠና፣ ከሐይቁ የሚነሣ ሽታ አለ፤ እርጥብ ደንገል፣ የሞቀ ጭቃ፣ ከሩቅ ዝናብ የነካው የዘጌ ጫካ፣ ሁሉም በአንድ ላይ። ይህ ሽታ ሲመጣ ሌላው ሰው ጃንጥላውን ይፈልጋል። እኔ ጠብ እፈልጋለሁ። ነገሩ ከሆነ ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ ንዴቱ ግን አሁን ከምድጃ የወረደ ይመስል ይፋጃል።

ጃኬቴን ደርቤ፣ ቦት ጫማዬን አጥልቄ ወረድሁ። ሚስቴን «ዛሬ ማዕበል አለ» ብላት፣ «ያንተ ማዕበል መቼ ጠፍቶ ያውቃል» አለችኝ። ወደ ዳርቻው ወረድሁ ልልህ ነበር፤ ዳርቻ የሚባለው ግን የድሮው ነው። አሁን ያለው አጥር ነው። ከአጥሩ ቀጥሎ ሣር፣ ከሣሩ ቀጥሎ ጥላ ያለው ወንበር፣ ከወንበሩ ቀጥሎ አስተናጋጅ፤ ሐይቁ ከአስተናጋጁ በኋላ ነው የሚመጣው። እርቃኔን የተንቦጫረቅሁበትን ውሃ ለማየት ማኪያቶ ማዘዝ አለብኝ። አዘዝሁ። እየተናደድሁ ጠጣሁት። ፀሐዩ መላጣዬን ሲጠብሰው፣ ቦት ጫማዬ ውስጥ እግሬ ሲቀቀል፣ ሐይቁ ለጥ ብሎ ተኝቶ ያየኛል።

እንዲህ ለጥ ሲል ነው ደሜ የሚፈላው።

ወንድሜ በአሥር ዓመት ይበልጠኝ ነበር። ሥራው ምዕመናንንና እንግዶችን ወደ ደሴቶቹ ገዳማት የሚያመላልስ የሞተር ጀልባ መንዳት ነው። ጀልባው የእሱ አልነበረም፤ ባለቤቱ ድምፃቸው ከሞተሩ የሚበልጥ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ስንት ዓመት ተናድጄባቸዋለሁ፤ ስናደድባቸውም አንቱ እንዳልሁ ነው፤ እናቴ እንዲያ አድርጋ ነው ያሳደገችኝ።

ወንድሜ ነፋስ ያውቅ ነበር። ጣና ጠዋት ጠዋት እንግዳ እንደሚቀበል ሰው ነው፤ ፊቱ ሁሉ ፈገግታ። በዚህ ወቅት ግን ከሰዓት በኋላ ጠባዩ ይለወጣል። መጀመሪያ ከሩቅ ነጭ ጥርሱን ያሳያል፤ ቀጥሎ ደንገሉን እንደ ሣር ያስተኛዋል፤ ከዚያ ማዕበሉ ዳር መጥቶ ሲፈርስ እኛ ቤት መደርደሪያ ላይ ብርጭቆ ይንቀጠቀጣል። እሺ፣ ብርጭቆው የሚንቀጠቀጠው የጭነት መኪና ሲያልፍ ነበር። ማዕበሉም ግን የበኩሉን ያደርግ ነበር።

ቅዳሜ ነበር። የማኅበር ሰዎች ከበሮና መሶበ ወርቅ ይዘው፣ ስለት አስገብተው ሊመለሱ፣ አርፍደው መጡ። ስድስት ሰዓት አልፏል። ወንድሜ በዘጌ በኩል ያለውን ሰማይ አየ፤ አንድ ጥቁር ደመና፣ ከድስት ክዳን የማይበልጥ። አየሩን በአፍንጫው ሳበና የጀልባውን ቁልፍ ኪሱ ከተተው።

«ዛሬ አልወጣም፣ ጌታዬ» አላቸው ባለጀልባውን። «ነፋሱ መንገድ ላይ ነው።»

«ሲነሣ ለአንተ ብቻ ነው መልእክት የሚልክልህ?» አሉት። ሰዎቹ ሳቁ።

«ሰው ነው እኮ የምጭን፤ ድንች አይደለም።»

«ድንችማ ቢሆን ይኼኔ ደርሶ ነበር። ፈርተህ እንደሆነ ፈራሁ በልና ቁልፉን አምጣ።»

ወንድሜ ፊቱ ሲጠቁር አየሁ። በዚያ ሁሉ ነጠላ የለበሰ ሰው ፊት ፈሪ መባሉ ነው። ሰዎቹ ወደሚሄዱበት ደሴት ዞረና እጁን ዘረጋ። «ዛሬ ማዕበል ካልመጣ፣ የዚያ ደሴት ታቦት ይመስክርብኝ፣ ሁለተኛ የጀልባ መሪ አልጨብጥም» አለ።

ሌላ አገር ይህ የተናደደ ሰው ወሬ ይሆናል፤ ሲመሽ ይረሳል። እኛ ዘንድ ታቦት ከተጠራ አለቀ። ከበሮ የተሸከመው ሰውዬ እንኳ ሳቁን አቋርጦ ማተቡን ነካ። ባለጀልባው ቁልፉን ተቀብለው ራሳቸው መሪውን ያዙ።

እኔና ወንድሜ እንዲደርቅ በቆመ ታንኳ ጥላ ሥር ተቀመጥን። ማዕበሉ እንዲመጣ ጸለይሁ። ሰው እንዲሞት አልፈለግሁም፤ እንዲረጥቡ ብቻ ነው የፈለግሁት። ባለጀልባው በተለይ እስከ አንገታቸው።

«ይመጣል» አለ ወንድሜ።

ጣና ግን የኑግ ዘይት መሰለ። የዓሣ ትንፋሽ እንኳ አይታይበትም። ያ ጥቁር ደመና እንደ ተባዘተ ጥጥ ሳስቶ ሳስቶ ጠፋ።

«ቆይ፣ ይመጣል» አለ ደግሞ። ከንፈሩ ደርቆ ነበር፤ ውሃ ዳር ተቀምጦ ከንፈሩ የደረቀ ሰው ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ወደ ማታ ከጀልባው ቀድሞ የከበሮው ድምፅ መጣ። እየዘመሩ ወረዱ። አንድም ነጠላ ላይ ጠብታ አልነበረም። አንዲት እናት ከመሶበ ወርቁ ዳቦ ቆርሰው ለወንድሜ ሰጡት። «እንካ ልጄ። መምጣቱንስ ሊመጣ ነበር፤ ጸሎታችን መለሰው» አሉት። ለማጽናናት ነው፤ ይገባኛል። ግን ጸሎቱን አንድ ቀን ቢያሳድሩት ምን ነበረበት?

ከሁሉ የሚያናድዱኝ ባለጀልባው ናቸው፤ ምክንያቱም ክፉ አልሆኑልኝም። ቁልፉን ዘረጉለት። «ተወው ይኼን፤ ነገ በጠዋት ና» አሉት።

«ታቦት ጠርቻለሁ» አለ።

እናቴ ነፍስ አባቱ ይፍቱት ብላ አለቀሰች። «ቄሱ ቢፈቱኝ ሐይቁ አይፈታኝም» አላት። ታዲያ በማን ልናደድ? ባለጀልባው ይቅር ብለዋል፣ ሴትዮዋ አጽናንተዋል፣ ወንድሜ ቃሉን ጠብቋል። የቀረ ጣና ብቻ ነው።

እሑድ ጠዋት ማክሰኝት ያለው አጎታችን ዘንድ እህል ሊሸጥ በአውቶቡስ ተሳፈረ። እስከ መናኸሪያው ሸኘሁት። ደረጃው ላይ ቆሞ አየሩን ሳበና «ሽታው አለ አይደል?» አለኝ። «አለ፣ ጋሼ» አልሁት። አውቶቡሱ ሄደ።

በዚያው ቀን፣ ምሳ ሳይነሣ፣ ማዕበሉ መጣ። እንደ ሰርግ ዘመድ፣ ሙሽራው ከሄደ በኋላ ደርሶ ድንኳኑን የሚያናውጥ። ታንኳዎቹን እያነሣ እርስ በርስ አላተማቸው፤ ደንገሉ ጮኸ፤ አረፋው መንገዱን ተሻግሮ ከተማውን ግማሽ አጠበ፤ ግማሽ ባይሆን አንድ ሱቅ አጥቧል። እኔ ሮጬ ወረድሁ፣ ከነልብሴ ገባሁ፣ የመጀመሪያው ማዕበል ፊቴ ሲቆም ባለ በሌለ ኃይሌ በጥፊ አጮልሁት። «ትናንት የት ነበርህ?» አልሁት።

ወንድሜ ዛሬም ማክሰኝት ነው። ሸብቷል፣ ቦርጭ አውጥቷል፣ የእህል መጋዘን አለው። ባሕር ዳር የሚመጣው ለሰርግና ለለቅሶ ነው፤ ሲመጣም ጀርባውን ለሐይቁ ሰጥቶ ይቀመጣል። ሰኔ ሊገባ ሲል ግን አንድ ቀን ይደውላል።

ዛሬም ስምንት ሰዓት ላይ አስተናጋጁ ባዶውን ሲኒ ሲያነሣ ስልኬ ጮኸ። ሐይቁ እንደዚያ ቅዳሜ ዘይት እንደሆነ ነው።

«መጣ?» አለኝ። ሰላምታ እንኳ የለም።

«መጣ እንጂ፣ ጋሼ። ወንበሩን ሁሉ ወስዶታል። አስተናጋጁ ማኪያቶ የሚያመጣልኝ እየዋኘ ነው።»

«ግማሹን ልቀንሰው?»

«ግማሹን ቀንስ፤ የቀረው እውነት ነው።»

ሳቀ። «ከስንት ሰዓት ጀምሮ ነው?» አለኝ።

«ከሰባት ሰዓት።»

«ብያቸው ነበር እኮ» አለ፣ ቀስ ብሎ። በየዓመቱ ይላታል። «አንተስ? እንደዚያኔው ገብተህ አልመታኸውም?»

«እጄን አሞኝ ነው እንጂ» አልሁት።

ያልነገርሁት ይኼን ነው። ያን እሑድ ጥፊዬን እንዳሳረፍሁ ሁለተኛው ማዕበል ጣለኝ። ውሃው ከጉልበቴ አያልፍም ነበር። እዚያ ውስጥ ስሰጥም፣ በቀበቶዬ አንጠልጥለው ያወጡኝ ባለጀልባው ናቸው። ዳር አስቀምጠው አፍንጫዬን በጋቢያቸው ጠረጉልኝ። ዋና አልችልም ነበር። አሁንም አልችልም።