የጨው ነጋዴው ምላስ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴን ያቆምኩት አራተኛ ክፍል ላይ ነው። ሰው ፊት መናገር ስለማፍር ግን በወረቀት ይሻለኛል።

አባባ መርካቶ ውስጥ ጨው ይነግዱ ነበር። ጆንያ በመጣ ቁጥር ከእያንዳንዱ ቆንጥረው ይቀምሳሉ፤ አሸዋ የገባበትን በምላሳቸው ይለያሉ። እኔ ከሲኒማ ራስ ጀርባ ባለች ትንሽ ክሊኒክ በጽዳት ተቀጠርኩ። እዚያ የነበረው ወጣት ሐኪም ቀዶ ጥገና ሊማር ውጭ አገር ለመሄድ ያስብ ነበር። አንድ ቀን የአባባን የሱቅ ጎረቤት፣ ሸማ ነጋዴውን ሽማግሌ፣ በቃሬዛ አመጡለት። ጠዋት ከአባባ ጋር ሲሳሳቁ ነበር። ሽማግሌው ሐኪሙ እጅ ላይ ሞቱ።

"ሁልጊዜ ከወደቁ በኋላ ነው የምደርሰው" አለኝ፣ መሬት መሬት እያየ። ወለሉን መወልወሌን ቀጠልኩ።

ስለ ውጭ አገር ማውራቱን ተወ። ከሰዓት በኋላ የደም ብዛት መለኪያውን በቦርሳ ይዞ ሽማግሌዎችን በየሱቃቸው መለካት ጀመረ። እኔ መዝገቡን ይዤ እከተለዋለሁ።

"ምነው ዶክተር፣ በሽተኛ አለቀና ጤነኛ ፍለጋ ወጡ?" አሉት አንድ ድስት ሻጭ። ሰፈሩ ሳቀ። ሟርት ነው ብለው ክንዳቸውን የከለከሉም ነበሩ።

አባባ እኔን ላለማሳፈር ክንዳቸውን ዘረጉ። ዶክተሩ ሁለቴ ለካ፤ ሦስተኛም ለካ። ገዢ መጣና አባባ ተነሡ።

"የደም ብዛታቸው በጣም ከፍ ብሏል" አለኝ ዶክተሩ ክኒን እየሰጠኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ክኒኑን ባያማቸውም በየቀኑ ይውሰዱ። ጨው ይቀንሱ፤ ቅምሻውንም ይተዉ። ከእኔ ይልቅ አንቺን ስለሚሰሙ አንቺ ንገሪያቸው።"

ክኒኑን ሰጠኋቸው እንጂ ዶክተሩ ያለውን አልነገርኳቸውም። በጨው ላሳደጉኝ አባት ጨው ይጎዳዎታል ማለት ከበደኝ። ሳምንቱን በፍርሃት አሳለፍኩት። ጆንያ ሲያነሡ ዓይኔን እጨፍናለሁ። "እፎይ" ብለው ሲቀመጡ እንኳ ሮጬ አጠገባቸው እደርሳለሁ።

ቅዳሜ ኮታቸውን ሳራግፍ ክኒኖቹ ከነወረቀታቸው ወደቁ። አንድም አልጎደለም።

"አባባ፣ ለምን አልወሰዱም?"

"አሁን ምን ሆንኩና? ለታመምኩ ቀን ነው ያስቀመጥኩት።"

ከቃሬዛው ላይ ተንጠልጥሎ የነበረው የሸማ ነጋዴው እግር ታየኝ።

"እሳቸውም እኮ አልታመሙም ነበር" አልኩ። እያለቀስኩ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የጨውን ነገር መጨረሻ ላይ። አባባ አንድ ክኒን በውኃ ዋጡና ወጡ።

ሰኞ ሱቅ ስደርስ አዲስ ጆንያ ወርዶ ነበር። አባባ አፉን ፈቱና እንደ ልማዳቸው ቆነጠሩ። ጣታቸው ከንፈራቸው ጋር ሊደርስ ሲል ቆመ። ጨዉን መዳፌ ላይ አራገፉልኝ።

"ነይ እስቲ፣ አንቺ ቅመሽልኝ።"