የሂልዳ ክራምፔት ዓይን አላወጣም

ሂልዳ አክሮይድ ክራምፔቷን ከሱቅ ገዝታ፣ ለይምሰል ምጣድ ላይ ታሞቀዋለች ተብሎ በዮርክሸር መንደራችን ተወርቷል። ውሸት ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለቤተ ክርስቲያኑ ባዛር ያን እንደ እንጀራ ዓይን የሚያወጣ ወፍራም ቂጣ የጋገረችው በገዛ እጇ ነው። ወሬው ግን የባዛሩ ኮሚቴ ጆሮ ገባ። ቅዳሜ ጠዋት የኮሚቴው ሊቀመንበር ሙርየልና እሷም ለባዛሩ ክራምፔት የምታቀርበው የሂልዳ ጎረቤት ኤድና "ሻይ ልንጠጣ መጣን" ብለው ኩሽናዋ ውስጥ ተጎለቱ። ካላመኑ የባዛሩ ጠረጴዛዋ ለሌላ ሊሰጥባት ነው።

ሂልዳ ምጣዱ ላይ ባስቀመጠችው የብረት ቀለበት ውስጥ ሊጡን ጨመረች። ዓይን አላወጣም፤ እንደ ጫማ ሶል ድፍን ብሎ ቀረ።

"የሱቁ እንኳ ዓይን አለው" አለች ኤድና።

"የመጀመሪያው የውሻ ነው፤ ምን አስቸኮለሽ?" አለች ሂልዳ። ሊጡ ወፍሯል። ለብ ያለ ውሃ ጠብ አድርጋ መታችው፤ እሳቱን ቀንሳ እንደገና ጨመረች። ሦስቱም አንገታቸውን አሰገጉ። አንድ አረፋ ብቅ ብሎ ፈነዳ። ቆየና ሌላ። ከዚያ ፊቱ ሁሉ ተበሳሳ።

ሙርየል ቅቤው አገጯ ላይ እስኪወርድ በላች። "ጠረጴዛሽ ያንቺው ነው።"

ሂልዳ ወደ ኤድና ዞረች። "ያንቺን ደግሞ ስትጋግሪ መቼ መጥተን እንይ፣ የኔ ቆንጆ?"

ኤድና ስኳር የሌለውን ሻይዋን ማማሰል ጀመረች።