አባቴ የመረጠው ላፕቶፕ

የመጀመሪያው ላፕቶፔ ከባድ ነበር። የሕንፃ ንድፍ በሚሠራ ቢሮ ተቀጥሬ ዓመት ሳይሞላኝ ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ገዛሁት። ለጌም ተብሎ የተሠራ ጥቁር ማሽን ነው፤ ቁልፎቹ ቀይ ያበራሉ፣ ከኋላው ትኩስ አየር ይተፋል፣ ቻርጀሩ ብቻውን ግማሽ ጡብ ያህላል። የሕንፃ ምስል ለማውጣት ጠንካራ ግራፊክስ ካርድ ያስፈልግ ስለነበር ለሰው ሁሉ የገዛሁት ለሥራ ነው እላለሁ። ጌምም ግን እወድ ነበር። ልጅ ሆኜ የሰፈራችን ጌም ቤት በር ላይ ቆሜ ወንዶቹ ሲጫወቱ እያየሁ ያደግኩ ነኝ።

ያን ጊዜ ገላን ኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጥቶልኝ ብቻዬን ገብቻለሁ። አባቴ አቃቂ፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ባለው የድሮ ቤታችን ቀረ። ዕድሜውን ሙሉ ባቡር ነጂ ነበር። እናቴ ከሞተች ቆይታለች። ባቡሩም ከቆመ ቆይቷል፤ ሐዲዱ ላይ ሣር በቅሎ ፍየል ይግጥበታል። "አብረን እንኑር፣ ቤቱ ይበቃናል" ብዬ ስለምነው፣ "አራተኛ ፎቅ ላይ ተሰቅዬ ማንን ላናግር? እዚህ ቢያንስ የሚያውቀኝ ሰው አለ" ይለኛል። ስለዚህ ቅዳሜ ከሥራ ስወጣ እኔ ወደሱ እሄዳለሁ።

ላፕቶፑን መጀመሪያ ይዤ የሄድኩት ያልጨረስኩት ሥራ ስለነበረኝ ነው። እሑድ ጠዋት ሥራዬን ጨርሼ ከጓደኛዬ የገለበጥኩትን ባቡር የመንዳት ጌም ከፈትኩ። ባቡሩን ከጣቢያ አስነስቼ ትንሽ እንደሄድኩ አባቴ እጁን እየጠረገ ከጓሮ ገባና ከኋላዬ ቆመ።

"ምንድነው የምትነጂው?"

"ባቡር ነው አባባ። ጌም ነው።"

"ባቡር መሆኑንማ አየሁ። ቁልቁለት ላይ ነሽ'ኮ! ፍሬን አትይዢም እንዴ?"

"ፍሬኑ የቱ እንደሆነ ገና አላወቅኩትም።"

"ተነሺ እስቲ።"

ተነሳሁለት። ፍጥነት የሚጨምረውን፣ ፍሬኑን፣ ጡሩምባውን አንድ በአንድ አሳየሁት። መነጽሩን ከደረት ኪሱ አውጥቶ ካደረገ በኋላ ጡሩምባውን ነካው። ድምፁ ሲወጣ እጁን ከቁልፉ ላይ አነሳ። ደግሞ ነካው። ከዚያ እስከ ምሳ ሰዓት ከወንበሩ አልተነሳም።

ጌሙ ውስጥ ያለው አገር በረዶ የለበሰ ተራራ ነው፤ ጣቢያዎቹም እኔ እንኳ መጥራት የሚያቅተኝ የፈረንጅ ስሞች አሏቸው። አባቴ ስማቸውን ለማንበብ አልሞከረም። መጀመሪያ ያገኘውን ጣቢያ "ይቺ ዱከም ናት" አለ። ቀጥሎ ቢሾፍቱ፣ ሞጆ፣ ናዝሬት እያለ ሄደ። በረዶው መስታወቱን እየሸፈነው ሳለ "አሁን አዋሽ ልንገባ ነው፤ ሙቀቱ አይቻልም" ብሎ የሸሚዙን የላይኛውን ቁልፍ ፈታ።

"በረዶ እየጣለ'ኮ ነው አባባ!"

"እሱ የነሱ ጉዳይ ነው።"

አንድ ቦታ ላይ ጣቢያም ሰውም በሌለበት ባቡሩን አቆመ። ስክሪኑ ላይ ቀይ ጽሑፍ መጣ፤ ያለ ቦታው በመቆሙ ነጥብ ተቀነሰበት።

"ለምን ቆምክ?"

"ሴትዮዋ ትድረስ ብዬ ነዋ።"

"የቷ ሴትዮ?"

"እዚህች ቦታ ላይ ዶሮ ይዛ የምትሮጥ አንዲት ሴትዮ ነበረች። አንድ ቀን በሰዓቷ መጥታ አታውቅም። ታዲያ ጥያት ልሂድ?"

ከዚያ ወዲህ ላፕቶፑን በየሳምንቱ ይዤለት እሄድ ጀመር። ማሽኑ ብዙ ሲሠራ ይግላል፤ ውስጡ ያለው ፋን ይጮሃል። አባቴ መዳፉን ጀርባው ላይ አድርጎ ይለካውና "ሞተሩ ሞቋል፣ እናሳርፈው" ይላል። እሱ እስኪበርድ እንበላለን፤ አባቴም ያወራኛል። እናቴን ያወቃት ባቡር ላይ መሆኑን የሰማሁት ከነዚህ ዕረፍቶች በአንዱ ነው። እሷ ናዝሬት አክስቷን ልትጠይቅ ስትሄድ፣ እሱ ገና ረዳት ሆኖ ሲሠራ። ከዚያ በፊት ጠይቄውም አላውቅም፤ እሱም ነግሮኝ አያውቅም።

ያን ከባድ ማሽን ይዤ እሑድ ማታ ታክሲ ተጋፍቼ ገላን መመለስ የማይታሰብ ነበር። የቢሮው ሰርቪስ ደግሞ ሰኞ ጠዋት በአቃቂ ዋና መንገድ ያልፋል። ስለዚህ ቅዳሜ አድሬ፣ እሑድ ውዬ፣ እሑድም አድሬ ሰኞ ከዚያው ወደ ሥራ እሄዳለሁ። ጠዋት የምነቃው አባቴ ግቢውን ሲጠርግ በመጥረጊያው ድምፅ ነው። እንዳይቀሰቅሰኝ ብሎ ቀስ እያለ ይጠርጋል፤ ቀስ ማለቱ ራሱ ይቀሰቅሰኛል።

ክረምቱ እንደወጣ ቀኝ ትከሻዬን ያመኝ ጀመር። ክንዴን ወደ ላይ ማንሳት እስኪያቅተኝ ደረሰ። አባቴ በቅባት እያሸ "ይሄ ማሽን ሰው አይደለም የሚሸከመው። ቀለል ያለ የለም?" አለኝ።

"አለ። ግን ጌም የሚችል ቀላል ማግኘት ይከብዳል።"

"እንሂድና እንየው።"

እንሂድ ማለቱ ገረመኝ። አባቴ የሆነ ነገር ሊገዛ ከአቃቂ ወጣ ከተባለ ሩቁ ሳሪስ አቦ ገበያ ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሰዓት ቤተ ክርስቲያን የሚሄድበትን ኮት ለብሶ፣ ጫማውን አስጠርጎ ጠበቀኝ። ቦሌ አንድ ሕንፃ ላይ ያለ የላፕቶፕ መሸጫ ገባን። ሻጩ ጥያቄዬን ሰምቶ ፈገግ አለ።

"እህቴ፣ ጌም ከፈለግሽ ክብደቱን ቻይ፤ ቅለት ከፈለግሽ ጌሙን ተዪ። ሁለቱ አብረው አይሄዱም።"

"እስቲ ያለህን አሳየኝ።"

አራት አወጣልኝ። አንዱ ስክሪኑ ሰፊ፣ ካርዱም ጎበዝ ነው፤ ክብደቱ ግን ከኔው ብዙም አይሻልም። አንዱ እንደ ደብተር ቀጭን ሆኖ ጌሙን ገና ሲከፍት ተንቀራፈፈ። ሦስተኛው መካከለኛ ነው፤ ሁሉንም ነገር ትንሽ ትንሽ ይችላል። የመጨረሻው በቅርቡ የገባ ነው አለ፤ ትንሽ፣ ቀላል፣ ካርዱም ደህና፣ ስክሪኑ ብቻ ጠበብ ያለ። እኔ ካርዱን፣ ሚሞሪውን፣ ባትሪውን ስጠይቅ አባቴ እያንዳንዱን በአንድ እጁ ያነሳል፤ ቅቤ የሚገዛ ሰው ይመስል ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። ከዚያ ትንሹን ቦርሳዬ ውስጥ ከተተና በደህናው ትከሻዬ ላይ አንጠለጠለው።

"እስከ በሩ ሂጂ።"

"አባባ፣ ሰው እያየን ነው።"

"ይየን። ሂጂና ተመለሺ።"

ሄጄ ተመለስኩ። ከዚያ ጌሙን በፍላሽ ይዤው ስለነበር ሻጩን አስፈቅጄ ጫንኩትና አባቴ ተቀመጠ። ስክሪኑ ስለጠበበበት አንገቱን ወደ ፊት አስግጎ መንዳት ጀመረ። ሌሎቹ ገዢዎች ከኋላው ቆመው ያዩታል።

"አባት፣ ምን ነበር የሚነዱት?" አለው ሻጩ።

"ባቡር።"

"የትኛውን?"

"የቆመውን።"

እኔ ሦስተኛውን መርጬ ነበር። "አባባ፣ ያኛው ይሻላል። ስክሪኑ ሰፋ ስለሚል ጣቢያው በደንብ ይታይሃል" አልኩት።

"እኔ ጣቢያውን ሳላየውም አውቀዋለሁ። የምትሸከሚው አንቺ ነሽ። ይሄን ውሰጂ" አለኝና ትንሹን ወደኔ ገፋው። አሮጌውን ሰጥተን ልዩነቱን ጨምሬ ትንሹን ይዘን ወጣን።

መጀመሪያ ሰሞን ቦርሳዬ ባዶ እየመሰለኝ ታክሲ ውስጥ ደጋግሜ እከፍተው ነበር። ትከሻዬ በጥቂት ጊዜ ዳነ። አሁን እንደ ልቤ መንቀሳቀስ ስለቻልኩ አንዳንዴ ረቡዕም ከሥራ ስመለስ አቃቂ ጎራ እላለሁ። አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት እንጫወታለን፤ ሳይመሽ ብድግ ብዬ እሄዳለሁ። ቅዳሜም እንደዚያው። ቀለል ያለ ነገር ይዤ ለምን አድራለሁ? ቤቴ ያልታጠበ ልብስ ይጠብቀኛል፣ ውኃ በተራ ስለሚመጣ መቅዳት አለብኝ። እንዲህ ይሁን ብሎ የወሰነ ሰው የለም፤ ማደሩ በራሱ ጊዜ ቀረ። አዲሱ ማሽን እንደ አሮጌው ቶሎ ስለማይግል ማሳረፉም ቀረ። አባቴ ግን ቅዳሜ በመጣ ቁጥር የአልጋዬን አንሶላ ቀይሮ ይጠብቀኛል።

አንድ ቅዳሜ ባቡሩን በጣም ቀስ ብሎ ሲነዳ አየሁት። ስክሪኑ ላይ ዘግይተሃል የሚለው ቀይ ጽሑፍ እየመጣ ይሄዳል።

"አባባ፣ ፍጥነት ጨምር እንጂ፤ መንገዱ'ኮ ሜዳ ነው።"

"ከደረስኩ ትሄጃለሽ" አለኝ፤ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ።

ያን ቀን አደርኩ። በሚቀጥለው ሳምንት ግን ቢሮው ጨረታ ነበረበት፤ በሚቀጥለውም እንዲሁ።

አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ሰው ማመላለስ ሲጀምር ድሬዳዋ ያለችው አክስቴ አባቴን "ና፣ ትንሽ ሙቀት ጉልበትህን ይሻለዋል" አለችው። ለሁለት ሳምንት ብሎ ሄደ። ሲደርስ ደወለልኝ።

"ባቡሩ እንዴት ነው?"

"ፈጣን ነው። ንጹሕ ነው። አቃቂን መቼ እንዳለፍን ግን ሳላየው ቀረሁ።"

ሁለት ሳምንቱ ወር ሆነ። ጉልበቱ እውነትም ተሻለው፤ ጡረታ የወጡ የድሮ ጓደኞቹንም እዚያ አገኘ። ከፋሲካ በኋላ "እዚሁ ልቆይ መሰለኝ" አለኝ። ድምፁ ደስተኛ ስለነበር ምንም አልተከራከርኩትም። ቤቱ የቀበሌ ስለነበር ለወረዳው መለስነው፤ አሁን ሌላ ቤተሰብ ይኖርበታል። ዓመት ፈቃዴን ስወስድ ላፕቶፑን ይዤለት እሄዳለሁ። ጥቂት ይነዳና ይተወዋል፤ ከሰዓት ጓደኞቹ በር ላይ ይጠሩታል።

አንድ ቅዳሜ ከሥራ ወጥቼ ሳላስበው የአቃቂ ታክሲ ሰልፍ ውስጥ ራሴን አገኘሁት። ተራዬ ሲደርስ ገባሁ። ሰፈራችን ስደርስ ወዴት እንደምሄድ ጠፋኝና የአንድ ሱቅ ጥግ ይዤ ቆምኩ። ስልኬ ጠራ፤ አባቴ ነው።

"የት ነሽ?"

"አቃቂ።"

"ምን ልትሠሪ?"

"እንዲሁ።"

"ምንድነው የሚንጫጫው? ዝናብ ነው?"

"አዎ፣ አሁን ጀመረ።"

"በይ እንዳትበሰብሺ፤ ጥላ ሥር ግቢ" አለኝ። ገብቻለሁ አልኩትና ስልኩን ሳንዘጋ የሱቁ ክዳን ሥር ሆነን ዝናቡን አብረን ሰማነው።