ዳንቴል የለበሰው ስካነር

እኔ ነገር ሲጓተት አልወድም። ዳላስ አጠገብ ካለችው ሳክሲ ከተማ በገባን በመጀመሪያው ጸደይ፣ በረዶ የአባባን አሮጌ መኪና ሲቀጠቅጣት ቴሌቪዥኑ ስለ ዳላስ መሀል ከተማ ያወራ ነበር። ስለኛ ሰፈር ማንም ትንፍሽ አላለም። በዓመቱ አባባ ለሰው መንዳቱን ትተው የራሳቸውን ታክሲ ሲገዙ፣ እኔ ደግሞ ስካነር ገዛሁ።

ስካነር ፖሊሶችና የእሳት አደጋ ሠራተኞች በሬዲዮ የሚነጋገሩትን የሚያሰማ፣ ከጫማ ካርቶን ያነሰ ጥቁር ሳጥን ነው። መስማት ብቻ ነው፤ መመለስ የለም። ታክሲዋ ደጅ ነው የምታድረው። ኢንሹራንሷ በረዶ አይሸፍንም፤ የቤታችን ኪራይም አስቤዛም የሚወጣው ከእሷ ነው። ስለዚህ በረዶ ሲመጣ ቀድሜ ልስማ፣ ይኸው ነው ሐሳቤ።

ጋራዥማ ነበረን። ግን የቤተ ክርስቲያናችን መጋዘን ሆኗል፤ ታጣፊ ወንበሮች፣ የእንግዳ ፍራሾች፣ ትልቁ የወጥ ድስት። ለመኪና ቀርቶ ለድመት ቦታ የለውም።

ስካነሩን ቴሌቪዥኑ ላይ አስቀመጥኩ፣ አንቴናውን እስከ ጫፉ መዘዝኩና ወደ ሥራ ሮጥኩ። ስመለስ እማዬ ዳንቴል አልብሳዋለች። በእሷ ቤት ሶኬት ላይ የሚሰካ ሁሉ ዳንቴል ይለብሳል፤ ማይክሮዌቩም፣ ቪዲዮ ዴኩም። ከላይ የፕላስቲክ አበባ ደርባለች። እኔም የዳንቴሉን የፊት ጫፍ ገለጥ አድርጌ፣ ባለሱቁ የነገረኝን የሰፈራችንን የሬዲዮ ሞገድ ቁጥሮች አንድ በአንድ አስገባሁ። ሽሽሽሽ። አጥፍቼ እንደገና አስገባሁ። ሽሽሽሽ።

«ዛሬስ ፖሊሱ ምን አለ?» ይላሉ አባባ በየቀኑ ቁልፋቸውን ሲሰቅሉ። «አሁንም ሽንኩርት እያቁላላ ነው?»

«ይናገራል፣ አባባ። ትንሽ ይታገሱ።»

«እስከ ቅዳሜ ካልተናገረ ወደ ሱቁ ትመልሺዋለሽ።»

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ እንደ ጎመን ውሃ አረንጓዴ ሆነ። አባባ ሶፋው ላይ ተጋድመዋል። ስካነሩ ሽንኩርቱን ያቁላላል። በቃኝ! ዳንቴሉን ከነአበባው ጎትቼ አነሳሁት። አንቴናው ገብቶ፣ ታጥፎ፣ ከሳጥኑ ጀርባ ተኝቷል።

«እማዬ! ይሄን ማነው ያጠፈው?»

«እኔ ነኛ! እንደ ጅራት ተገትሮ ዳንቴሌን ድንኳን አደረገብኝ። ሶ፣ አስተኛሁት።»

«ጆሮው እኮ ነው!»

«ጆሮ እንዲህ ይረዝማል እንዴ?»

መዘዝኩት። ሽሽሽሹ ተቆረጠና የአንድ ሰውዬ ድምፅ ጥርት ብሎ ሳሎኑን ሞላው። ከእሳት አደጋ መኪና ላይ ነው የሚናገረው። ጎረቤታችን ጋርላንድ ከተማ ላይ እንቁላል የሚያህል በረዶ እየወረደ ነው፣ ወደ ሳክሲ እየመጣ ነው አለ።

«አባባ፣ ይነሱ! ታክሲዋን ጋራዥ እናስገባት!»

«ወንበሮቹስ?»

«ወንበሮቹ ይደብደቡ! ወንበር ኪራይ አይከፍልልንም!»

እማዬ ሳቀች። አባባ አልሳቁም። ስካነሩን አዩ፣ መስኮቱን አዩ፣ ነጠላ ጫማቸውን እንኳ በወጉ ሳያጠልቁ ሮጡ። ወንበሮቹን ሣሩ ላይ ወረወርናቸው። እማዬ ፍራሾቹን ወደ ሳሎን ጎተተች፣ እኔ ድስቱን ጭንቅላቴ ላይ ደፍቼ ወጣሁ። አባባ ታክሲዋን ሲያስገቧት የጎን መስታወቷ ግድግዳውን ሊልሰው ነበር። በሩን ከመዝጋታችን የመጀመሪያው በረዶ ፖስታ ሳጥናችን ላይ ጓ ብሎ አረፈ።

ከዚያ ጣሪያው ከበሮ ሆነ። ሦስታችን ታክሲዋን ተደግፈን ቆምን። እኔ እጮሃለሁ፤ ከደስታ ነው፣ ማለቴ ደስታ ብቻ አልነበረም፣ «አላልኩም?» የሚል ጩኸት ነው።

ሲያባራ ወጣን። የመንገዱ መኪና ሁሉ ፈንጣጣ የወጣበት መስሏል። ከወንበሮቹ ግማሾቹ ተሰንጥቀዋል፤ በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ራሴ ሄጄ ተናገርኩ፣ አላፈርኩም። ጋራዥ ተመልሼ የታክሲዋን ቦኔት በመዳፌ ዳሰስኩት፤ ለስላሳ ነው።

አባባም ከኋላዬ መጥተው ዳሰሱት። ከዚያ ወደ ሳሎኑ ዞረው፣ አሁንም በስካነሩ የሚያወራውን ሰውዬ አዳመጡ።

«ኦኬ» አሉ። «ሽንኩርቱ በሰለ።»

በሳምንቱ እማዬ ለስካነሩ አዲስ ዳንቴል ሠራች። ከኋላው በኩል ክብ ቀዳዳ አለው፤ አንቴናው በዚያ ቀጥ ብሎ ይወጣል። አባባ ዛሬም ቁልፋቸውን ሲሰቅሉ «ምን አለ?» ይሉኛል። አሁን ግን መልሱን ሳይሰሙ አይቀመጡም።