«ደህና ነን» ያልንበት ስብሰባ

ስካይላይን በሚባለው ሰፈራችን ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንደኛው የሚኖር ሐበሻ ሆኖ ውብነሽን የማያውቅ ካለ ገና ትናንት በዲቪ የገባ ነው። እሱንም ቢሆን ሊፍት ውስጥ ካገኘችው ከየት እንደመጣ፣ ልጅ እንዳለው፣ ሥራ እንደያዘ ጠይቃ ሳትጨርስ አትለቀውም። የስኩል ባስ ሹፌር ናት። ያን የሚያህል ቢጫ አውቶብስ በበረዶ ላይ ስትነዳው ጉድ ነው፤ ከኋላዋ አውቶብስ ሙሉ ልጅ ቢንጫጫ በመስታወቱ አንዴ ቀና ብላ ካየችው ጸጥ ይላል። «ልጅ አድርሺ ተብዬ ነው የተቀጠርኩት፤ ልጅ አደርሳለሁ» ትላለች። ኩራቷ ይኸው ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት ስትነዳ በእጇ የተጫረ ልጅ የለም።

ምላሷ ግን ስለት ነው። ባሏ ንጉሡ ኤርፖርት ነው የሚሠራው፤ «እኔ ሻንጣ አነሳለሁ፣ እሷ ነገር ታነሳለች» እያለ ይቀልድባታል። እሷም አታስተባብልም። ነገር ካልተነሳ የት ይደርሳል ባይ ናት።

ይህች ሴት ናት እንግዲህ አንድ ነገር ውጣ ዝም ያለችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጇ ሃይማኖት አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ቮሊቦል ሲሏት ነፍሷ ነው። ግን የት ትጫወት? ከሕንፃው ጀርባ የካውንቲው፣ የአካባቢው አስተዳደር፣ የቴኒስ ሜዳ ነበረ፤ አስፋልቱ ተሰነጣጥቆ፣ በሩ በሰንሰለት ተቆልፎ ከርሟል። ስለዚህ ልጆቹ ፓርኪንግ ውስጥ በሁለት መኪና መሀል ገመድ ወጥረው ነበር የሚጫወቱት። ባለፈው ዓመት ትምህርት በተከፈተ ሰሞን ሃይማኖት የሸሸች ኳስ ተከትላ ስትሮጥ አንድ መኪና ወደ ኋላ ሲወጣ ገጫትና እግሯ ተሰበረ። ሹፌሩ ባዕድ ቢሆን ጥሩ ነበር። አሥራት ነው፤ ከእነሱ ሦስት ፎቅ ዝቅ ብሎ የሚኖር፣ ምግብ በማድረስ ልጆቹን የሚያሳድግ፣ በዓል ሲመጣ አብሯቸው የሚበላ ሰው።

ታዲያ ምን ተደረገ? እኛ የምናደርገው ተደረገ። ሽማግሌ ተቀመጠ።

ሽማግሌው ጋሼ ሀብተማርያም ናቸው። ዕድሜያቸውን ታክሲ ሲነዱ ኖረው አሁን ጡረታ ወጥተዋል፤ ባልና ሚስት ሲኳረፍ፣ አንድ ቤት የተጋራ ሩምሜት ከሩምሜት ሲጣላ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ጋሼ ነገሩን መረመሩት። አሥራት መንጃ ፈቃዱን ካጣ ልጆቹ ምን ይበላሉ? ውብነሽም ብትሆን የሰው ልጅ በሰላም አድራሿ ሹፌር የራሷን ልጅ በሯ ላይ መኪና ገጨባት፣ የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ተብሎ ሲወራባት ሞቷ ነው። ስለዚህ ፖሊስ አልተጠራም፤ ለሐኪሙም ደረጃ ላይ ወደቀች ተባለ። አሥራት ጉልበቷ ላይ ወድቆ አለቀሰ፤ እሷም አነሳችው። ከእንግዲህ ይህ ነገር አይነሳ ተብሎ ተመረቀና አለቀ።

የሃይማኖት እግር ዳነ። ልጅቷ ግን አልዳነችም። ውብነሽ ሁለተኛ ፓርኪንግ እንዳትወርድ ከለከለቻትና ከትምህርት ቤት መልስ አልጋዋ ላይ ተጋድማ ስልኳን ማየት ሆነ ሥራዋ። ሲጠሯት አትሰማም፤ ስትሰማም በእንግሊዝኛ አንድ ቃል ወርውራ ፊቷን ታዞራለች። ውብነሽን የሚያንገበግባት ይኸ ነበር። በገዛ እጇ የልጇን ጨዋታ ቀምታ የምትተካላት አጣች።

የበረዶው ክረምት ወጣ ሲል ካውንቲው የተዘጋውን ሜዳ ምን ላድርገው ብሎ ነዋሪውን ጠየቀ። ከሜዳው ማዶ ያሉት የቤት ባለቤቶች አበባና አግዳሚ ወንበር ያለው ጸጥተኛ ቦታ ይሁን አሉ። ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ማታ ማታ ኳስ ሲነጥር መስማት አይፈልጉም፣ በቃ። ውብነሽ ደግሞ የእኛን ሰው ሰበሰበችና የልጆች ሜዳ ይሁን፣ መብራት ይግባለት፣ ከትምህርት ሰዓት በኋላ አሠልጣኝ ይመደብበት የሚል ሐሳብ አስቀረበች። ሐሳቡ የእሷ ነው፣ ሩጫውም የእሷ ነው። የካውንቲው ቦርድ በጠራው ስብሰባ ላይ ማን ይናገርልን ሲባል ግን እሷን ጨምሮ አንድም የተከራከረ የለም። ጋሼ እያሉ ማን አፉን ይከፍታል?

ጋሼም ጥቁር ሱፋቸውን ግጥም አድርገው ለብሰው ማይክራፎኑ ጋ ቆሙ። ለአንድ ሰው የተፈቀደው ሦስት ደቂቃ ነው። ለቦርዱ ሰላምታ አቀረቡ። ካውንቲውን አመሰገኑ። አገሪቱ እጇን ዘርግታ ስለተቀበለቻቸው አመሰገኑ፤ ለአስተዳዳሪዎቿም ረጅም ዕድሜ ተመኙ። ወደ ሜዳው ጉዳይ ሊገቡ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ደወሉ ጮኸ። ሰብሳቢዋ ሰው አክባሪ ሴት ነበረችና አንድ ጥያቄ ብቻ ልጨምር አለቻቸው። ልጆቹ አሁን የሚጫወቱበት ቦታ ችግር አለው ወይ? የተጎዳ ልጅስ አለ ወይ?

ጋሼ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ዝቅ አሉ። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁላችንም ደህና ነን።»

ምን ይበሉ ታዲያ? መንግሥት ፊት ቆሞ ብሶት የሚዘረግፍ ጨዋ አለ? የእኛ ሰው ቤቱ እየተቃጠለ እንኳ መጀመሪያ ደህና ነኝ ብሎ፣ የጎረቤቱን ደህንነት ጠይቆ ነው ውሃ አውሱኝ የሚለው። ሌላ የሚናገር አለ ሲባልም ትንፍሽ ያለ የለም፤ ከሽማግሌ ቀጥሎ መናገር ሽማግሌው አልቻሉበትም ማለት ነዋ። ውብነሽ፣ ያቺ አንደበቷ የማያርፍ ውብነሽ፣ ከንፈሯን ነክሳ ተቀመጠች። ሲወጡ ሁሉም ጋሼን እየሳመ አፍዎ ይባረክ አላቸው። ሜዳውን ያገኙት መስሏቸው ደስ ብሏቸው ገቡ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ነጃት ለውብነሽ ኮል አደረገችላት። ነጃት እዚሁ አገር ሲልቨር ስፕሪንግ ያደገች፣ የካውንቲው የፓርክ ጽሕፈት ቤት ውስጥ የምትሠራ ልጅ ናት። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ስለነበረች የሆነውን ሁሉ አይታለች።

«እትዬ ውብነሽ፣ ቦርዱ ወደ አበባው እያደላ ነው» አለቻት። «ነዋሪዎቹ ራሳቸው ደህና ነን፣ የተጎዳ የለም ብለዋል ተብሎ ነው የተያዘው። አንድ ስብሰባ ቀርቷል። ሌላ የምትሉት ካለ እዚያ በሉት።»

ውብነሽ ባዶ አውቶብሷ ውስጥ ሆና ስልኩን ዘጋች። መጀመሪያ ተናደደች፤ ከዚያ አፈረች፤ ከዚያ ቆረጠች። አውቶብሱን መልሳ በቀጥታ ጋሼ ቤት ሄደች።

«ጋሼ፣ የሃይማኖትን ነገር ልናገር ነው» አለቻቸው፣ ገና ሳትቀመጥ።

«በሽማግሌ ያለቀ ነገር አይቆፈርም» አሉ ጋሼ። «ዝም አይነቅዝም፣ ውብነሽ።»

«በሽታውን የደበቀም መድኃኒት አይገኝለትም።»

«አሥራትን ልትቀብሪው ነው?»

ስሙን አልጠራም አለች። ስሙን ባትጠራ ነገሩን የማያውቅ የት አለና ነው ብለው ተቆጧት። ይኼኔ ምላሷ አመለጣት። «እርስዎ ደህና ነን ሲሉ የኔ ልጅ አልጋ ላይ ነበረች!»

ጋሼ ቀስ ብለው ተነሱና በሩን ከፈቱላት። ውብነሽ በሕይወቷ ከማንም ፊት እንዲያ ተዋርዳ ወጥታ አታውቅም። የተዋረደችው ግን እሳቸውን ስላዋረደች መሆኑንም አልሳተችውም።

በማግስቱ ሕንፃው ሁሉ ሰማ። ውብነሽ ጋሼን ደፈረቻቸው ተባለ። ሊፍት ውስጥ ስትገባ ወሬ የሚያቋርጠው በዛ። ጓደኛዋ ብሩክታይት ሳትቀር ድንጋይ ተሸክመሽ ሂጂና ይቅርታ ጠይቂ ብላ መከረቻት። «ድንጋይ ከተሸከምኩ አይቀር ለሜዳው መሠረት እሸከመዋለሁ» ብላ መለሰች። ስቃ ነው የተናገረችው፤ ቤቷ ገብታ ግን አለቀሰች።

ቢሆንም አልተመለሰችም። አሥራትን ከጀርባው ማውራት ነውር ነው ብላ ፓርኪንግ ወርዳ ፊት ለፊት ነገረችው። አሥራት ፊቱ አመድ መሰለ። ልጆቼ እያለ ለመናት። ያንተ ልጆችም የሚጫወቱት እዚሁ ነው፣ ነገ ሌላው አሥራት ወደ ኋላ ሲወጣ ማን ሊገጭ ነው ብላ ጠየቀችው። እሱ መኪናውን አስነስቶ ሄደ።

የመጨረሻዋ ሃይማኖት ነበረች። እናቷ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ በሰው ፊት ስለ እግርሽ ልናገር፣ ትፈቅጂልኛለሽ ወይ አለቻት። ልጅቷ ስልኳን አስቀምጣ ትኩር ብላ አየቻትና በእንግሊዝኛ መለሰችላት። መጀመሪያም ዋሺ ያላችሁኝ እናንተ ናችሁ፤ እኔ ደረጃ ላይ አልወደቅኩም። ይህን ብላ ተመልሳ ተኛች። ውብነሽ እንደዚያ ቀን ተመትታ አታውቅም፤ እንደዚያ ቀን ግን ቁርጧን ያወቀችበት ቀንም የለም።

የመጨረሻው ስብሰባ ዕለት ከእኛ ሰው የመጣው ጥቂት ነው። ማዶ ያሉት ባለቤቶች አዳራሹን ሞልተውታል። ሃይማኖት ነይ ሳትባል መጥታ እናቷ አጠገብ ተቀምጣለች። ጋሼም መጥተዋል፤ ግን ኮታቸውን ሳያወልቁ ጥግ ይዘው፣ ወደ ውብነሽ ቀና ብለውም አላዩ። ስሟ ሲጠራ ተነስታ ማይክራፎኑ ጋ ቆመች። እንግሊዝኛዋ የአውቶብስ እንግሊዝኛ ነው፤ ቁጭ በሉ፣ እጃችሁን አስገቡ፣ ተራችሁን ጠብቁ የሚባልበት። ያለችው እሱ ነውና በእሱ ተናገረች። ሰላምታ የለ፣ ምስጋና የለ።

«ስሜ ውብነሽ ነው። የስኩል ባስ ሹፌር ነኝ። ልጄን ቤታችን ሥር፣ ፓርኪንግ ውስጥ ኳስ ስትጫወት መኪና ገጭቷታል። ሐኪም ሲጠይቀኝ ደረጃ ላይ ወደቀች ብዬ ዋሸሁ። የሰው ልጅ እያደረስኩ የራሴን ስላላደረስኩ አፍሬ ነው። አሁንም አፍራለሁ። ልጆቻችን ግን ሌላ የሚጫወቱበት የላቸውም።»

ከቦርዱ አንዱ ሰውዬ ጨዋነት ባለው አነጋገር ስለ አደጋው የተመዘገበ ነገር አለ ወይ ብሎ ጠየቃት። የለም አለች። የፖሊስስ? የለም። ሰውዬው ለሰብሳቢዋ አንገቱን ነቅነቅ አደረገ። ባለፈው ደህና ነን ተብሎ፣ ዛሬ ያለማስረጃ ደህና አይደለንም ሲባል ማንስ ያምናል? ውብነሽ አበቃልኝ፣ ልጄንም በሰው ፊት ውሸታም አሰኘኋት አለች በልቧ።

«መኪናው የኔ ነው» የሚል ድምፅ ከበሩ በኩል ተሰማ።

አሥራት ነው። የሥራ ጃኬቱን እንደለበሰ፣ ኮፍያውን በእጁ ጨብጦ ቆሟል። «የገጨኋት እኔ ነኝ። ወደ ኋላ ስወጣ አላየኋትም። ይቅር ብለውኛል። እኔ ግን ከዚያ ፓርኪንግ በወጣሁ ቁጥር መጀመሪያ ወርጄ ከኋላዬ ልጅ አለመኖሩን አያለሁ» አለ። ምን እንደሚመጣበት አያውቅም ነበር፤ አለው ግን።

ያን ጊዜ ጋሼ ሀብተማርያም ከጥጋቸው ተነሱ። ተራቸው አልነበረም። ሰብሳቢዋ ግን ፈቀደችላቸው።

«ባለፈው ጠይቃችሁኝ ደህና ነን ብዬ ነበር» አሉ። «ደህና አይደለንም። ይህን ነገር በሽምግልና ዝም ያሰኘሁት እኔ ነኝ። ሰዎቹን ማስታረቄ ልክ ነበር። ፓርኪንጉን አብሬ ማስታረቄ ግን ስሕተት ነው።» ይህን ብለው ተቀመጡ። ደወሉን የሚደውለው ልጅ ገና ሰዓቱን እንኳ አልጀመረውም ነበር።

ከዚያ በኋላማ ማን ያቁመው! ብሩክታይት ተነሳች፤ የልጇን ብስክሌት መኪና እንደጨፈለቀው ተናገረች። ሌላው ጎረቤታችን ወንድሜነህም ተነሳ። አበባ ይሁን ይሉ ከነበሩት ከማዶዎቹ ወገን አንድ አሮጊት ተነስተው ወንበር ዳር ላይም ይቀመጣል፣ ልጆቹ መሀሉን ይውሰዱት አሉ። ቦርዱ እጅ አወጣ። ሜዳው ይሠራ፣ አሠልጣኝ ይመደብ፣ ወንበሩ ዳር ዳሩን ይሁን ተብሎ ተወሰነ።

ኮሪደሩ ላይ ውብነሽ ጋሼን ደረሰችባቸውና ጉልበታቸውን ለመሳም ዝቅ አለች። ትከሻዋን ይዘው አስቆሟት። ዓይናቸው ቀልቷል፤ ድምፃቸው ግን የቁጣ ነው።

«ተይ እስቲ! መብራቱ መቼ እንደሚገባ እኮ ማንም አልተናገረም። ሳይበተኑ ሂጂና ጠይቂ።»

እውነታቸውን ነው። ውብነሽ ዓይኗን በእጅጌዋ ጠርጋ እየሮጠች ተመልሳ ገባች። ሰው ወንበሩን እየለቀቀ፣ ቦርዱም ወረቀቱን እየሰበሰበ ነበር። ሃይማኖት ግን ቀድማት ማይክራፎኑ ጋ ቆማ፣ መብራቱ መቼ ነው የሚገባው ብላ እየጠየቀች ነበር።