የመንግሥት ጠረጴዛ

በሩማኒያዋ ቡካሬስት በተከፈተ የሥራ ትርኢት ላይ፣ ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሰው ሠራሽ አስተውሎት ባለሙያ የሚመለምለው ሰውዬ ከሥራ ባልደረባው ከኢሊንካ ጎን ተቀምጧል። ከረባቱን ሲያጠብቅ ሲያላላ ይውላል፤ ሥራ ፈላጊ ወጣቶቹ ግን የግል ኩባንያዎቹ ጋ ነው የሚጋፉት። ሚስቱ የጋገረችውን የለውዝ ዳቦ ቆራርሶ ቢያቀርብም ከኢሊንካ በቀር የቀመሰለት የለም።

አንዲት ወጣት ጠጋ ስትል ብድግ አለ።

«አባባ፣ ስልኬን ቻርጅ ላድርግ?»

«አድርጊ፣ የኔ ልጅ። ምንድን ነው የተማርሽው?»

«ይኸንኑ የእናንተን።»

«ታዲያ እኛ ጋ ብትገቢስ? የገዛ አገርሽ እኮ ነው!»

ወጣቷ ሳቀች። «እስቲ እውነቱን ይንገሩኝ፤ ሴት ልጅ ብትኖርዎት እዚህ ግቢ ብለው ይመክሯታል?»

ኢሊንካ አንገቷን ደፋች። ሰውዬው ከረባቱን ለቀቀው።

«ልጅማ አለችኝ» አለ ቀስ ብሎ። «ጀርመን ድረስ ደውዬ፣ ‹ነይና አብረን እንሥራ› አልኳት። ልክ እንዳንቺ ሳቀች።»